ኮዱ የማን ነው?

አምበር ላይ ስለ ኢሜይል፣ ስለ ቴሌግራምና ስለሚጠፉ አካውንቶች

የዓባይን በረሃ ወጥቶ ደጀንንና ሉማሜን ያለፈ መንገደኛ ደብረ ማርቆስ ሳይደርስ አምበርን ያገኛል። የአነደድ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ደጋ፣ ነፋሻ፣ ዙሪያዋን ጤፍና ባሕር ዛፍ የከበባት። በአስፋልቱ ዳርና ዳር ከሚታዩት ሱቆች መካከል የሞባይል ቤቶቹን ለመለየት አያስቸግርም። ደጃቸው ላይ የጥገናና የሶፍትዌር ማስታወቂያ፣ መስኮታቸው ላይ የተንጠለጠለ ቻርጀርና የስልክ ሽፋን አለ። በገበያ ቀን የሚገባው ግን ስልክ የተሰበረበት ብቻ አይደለም። አካውንት የጠፋበትም ይገባል።

ጋቢ የደረቡ አንድ አዛውንት ረፋዱ ላይ መጡ። ስልካቸውን ከፌስታል አውጥተው ባንኮኒው ላይ አኖሩት። አዲስ አበባ ያለው ልጃቸው በጠዋት ደውሎ፣ ሌሊት በቴሌግራም «ብር ቸግሮኛል፣ በዚህ ሒሳብ ላክልኝ» የሚል መልእክት ከእሳቸው እንደ ደረሰው ነግሯቸዋል። እሳቸው ግን ማታ በጊዜ ተኝተዋል።

«አያ፣ ሰሞኑን ቁጥር ንገሩኝ ያለዎት ሰው ነበር?» አለ ወጣቱ ባለሙያ።

«የእህቴ ልጅ ነበር። ‹በስሕተት አንቱ ዘንድ ቁጥር ሄዷል፣ ንገሩኝ› አለኝ፤ ነገርሁት።»

«መቼ?»

«ትናንት፣ ከመሸ።»

«እሱ አይደለም የጠየቀዎት። የእሱንም ቀድመው ወስደውበት ነው።»

ወጣቱ ስልኩን ተቀብሎ የቴሌግራሙን ቅንብር ከፈተ። «ዲቫይስስ» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ሁለት ስልኮች ነበሩ፤ አንዱ የአዛውንቱ፣ ሌላው አምበር ውስጥ ማንም የማያውቀው። ሁለተኛውን አስወጣው። ይህን ለማድረግ የቻለው አዛውንቱ ፈጥነው በመምጣታቸው ነው፤ ቴሌግራም አዲስ የገባ ስልክ የቀድሞዎቹን ማባረር እንዳይችል 24 ሰዓት ያግደዋል። ሌባው ያን ጊዜ ቢያገኝ ኖሮ ተባራሪው ባለቤቱ ይሆኑ ነበር።

ቀጥሎ ወጣቱ ሁለተኛ የይለፍ ቃል ሊያስገባላቸው ስልኩን ወደ እሳቸው አዞረ። «እርስዎ የማይረሱት፣ እኔ ደግሞ የማላየው ቃል ይጻፉ» አላቸው።

«እኔ ምኑን አውቄ ነው ልጄ? አንተው ምረጥና አንተው ያዘው።»

የዚህ ዘገባ ጉዳይ ያለው እዚህ መልስ ላይ ነው።

በዘመድ ሐረግ የሚወርድ ሌብነት

አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። ቴሌግራም የአንድን ሰው ማንነት የሚለየው በስልክ ቁጥሩ ነው። ሌባው የአዛውንቱን ቁጥር በራሱ ስልክ ላይ ይጽፋል፤ ኩባንያው የመግቢያ ኮድ ይልካል፤ ኮዱ ግን የሚደርሰው ባለ ቁጥሩ ዘንድ ነው። የቀረው ሥራ ኮዱን ከባለቤቱ አፍ መቀበል ብቻ ነው። ለዚህ ደግሞ የዘመድ ስምና ፎቶ የመሰለ መሣሪያ የለም። ስለዚህ አንድ አካውንት ሲያዝ በውስጡ ያሉት ዘመዶችና ወዳጆች ተራ በተራ ይጠየቃሉ፤ ከመካከላቸው ኮዱን የሰጠ ሰው ደግሞ ለሌሎቹ ማጥመጃ ይሆናል። ከአጎት ወደ እህት ልጅ፣ ከክርስትና ልጅ ወደ አበ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ተማሪ እየወረደ ይሄዳል።

ኮዱን ለሌላ ሰው መንገር ባዶ ወረቀት ላይ ማኅተም መትቶ እንደ መስጠት ነው፤ ምን እንደሚጻፍበት የሚወስነው ተቀባዩ ነው። ቴሌግራም ይህን ስለሚያውቅ ከኮዱ ጋር ለማንም እንዳትሰጡ የሚል ማስጠንቀቂያ ይልካል። ከዚያም አልፎ ኮዱ በራሱ በቴሌግራም ውስጥ ለሌላ ሰው ከተላከ ያመክነዋል። ሌቦቹም መንገድ ቀየሩ፦ ደውለው ቁጥሩን አንድ በአንድ ያስነብባሉ። የኩባንያው መከላከያ የጽሑፍ መልእክትን ይይዛል፤ በደግነት የሚነገር ቃልን ግን መያዝ አይችልም።

ማስጠንቀቂያው የሚመጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ስልኮችን በአማርኛ ማድረግ ይቻላል፤ ጉግልም ፌስቡክም በአማርኛ ይሠራሉ። ነገር ግን ስልኩ ከሱቅ ሲወጣ እንግሊዝኛ ላይ ነው፤ ቋንቋውን የሚቀይርለት ሰው ያገኘ ጥቂት ነው። «ለማንም አትስጡ» የሚለው ዓረፍተ ነገር አዛውንቱ ስልክ ላይ ደርሶ ነበር። እሳቸው ያነበቡት ቁጥሩን ብቻ ነው።

«የኩባንያው መከላከያ የጽሑፍ መልእክትን ይይዛል፤ በደግነት የሚነገር ቃልን ግን መያዝ አይችልም።»

ማን ከፈተው?

አዲስ አንድሮይድ ስልክ ገና ሲበራ የጉግል አካውንት ይጠይቃል። ያለሱ ከፕሌይ ስቶር ቴሌግራም እንኳን ማውረድ አይቻልም። ገዢው የጤፍ ገንዘብ ይዞ ከገጠር የመጣ ገበሬ፣ ወይም ለልጇ ስልክ የምትገዛ እናት ናት፤ ኢሜይል ምን እንደሆነ የምትጠይቅበት ጊዜም ምክንያትም የላትም። ሻጩ ይከፍትላታል። ሰው በበዛበት ቀን ደግሞ አዲስ መክፈቱን ትቶ ቀድሞ የተከፈተ አንድ አካውንት በብዙ ስልክ ላይ ያስገባል። መልሶ ማግኛ ተብሎ የሚመዘገበው ቁጥር የሻጩ ነው። የይለፍ ቃሉም የሁሉም አንድ ነው።

ውጤቱ ቀስ ብሎ ይመጣል። የጉግል አካውንት የስልክ ቁጥሮችን ስለሚያመሳስል፣ አንድ አካውንት የተጋሩ ሰዎች አንዱ የመዘገበው ስም ሌላው ስልክ ላይ ብቅ ይላል። «የማላውቃቸው ሰዎች ስልኬን ሞሉት» ብላ የምትመጣ ሴት ስልኳ በቫይረስ የተያዘ ይመስላታል። ፎቶ የሚቀመጥበት ቦታም አንድ ከሆነ የአንዷ የሠርግ ፎቶ የሌላው ስልክ ላይ ይገኛል። አካውንቱን የከፈተው ሰው ክፉ ባይሆን እንኳን ደንበኞቹ የማያውቁትን ብዙ ነገር ማየት ይችላል።

ከሁሉ የሚከፋው ስልኩ ተበላሽቶ ሲጸዳ ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ አንድሮይድ ላይ ያስገባው ጥበቃ አለ፤ ባለሙያዎቹ ኤፍ አር ፒ ይሉታል። ስልክ የሰረቀ ሰው ሙሉ በሙሉ አጽድቶ እንዳይሸጠው፣ ከጸዳ በኋላ የቀድሞውን የጉግል አካውንት ይጠይቃል። ጥሩ ሐሳብ ነው። ኢሜይሏን የማታውቅ ባለቤት ግን ስልኩ ፊት ስትቆም ከሌባ አትለይም። እናም ኤፍ አር ፒ ማለፍ የሞባይል ቤቶች የዘወትር ሥራ ሆነ፤ ሌባን እንዲመልስ የተሠራው ጥበቃ ባለቤቷን ገንዘብ ያስከፍላል።

ይህ ልማድ ከስማርት ስልክ በፊት ይጀምራል። ዲቪ በኢንተርኔት ቤት ይሞላ በነበረባቸው ዓመታት ቅጹ ኢሜይል ይጠይቅ ነበርና ሞሊው ለብዙ ሰው የራሱን ይጽፍ ነበር። የዕጣው ውጤት የሚታየው በአሜሪካ መንግሥት ድረ ገጽ ላይ፣ አመልካቹ በተሰጠው የማረጋገጫ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ የጠፋበት ሰው መልሶ ለማግኘት ኢሜይሉን ይጠየቃል። ስለዚህ ኢሜይሉን የያዘ ሰው ዕጣውንም ይዟል። ደርሷቸው ሳያውቁ የቀሩ፣ ቁጥሩን ለማግኘት ገንዘብ የተጠየቁ፣ የማያውቁት «የትዳር ጓደኛ» የተጨመረባቸው ሰዎች ታሪክ በየከተማው ይነገራል። በዚያው ላይ «ዲቪ ደርሶሃል፣ ገንዘብ ላክ» የሚሉ የሐሰት ኢሜይሎች መጡ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለባለ ዕድሎች በኢሜይል እንደማያበስር በየዓመቱ ቢያሳስብም፣ ኢሜይሉ የራሱ ያልሆነ ሰው ማሳሰቢያውን የት አግኝቶ ያነባል?

ሲም ካርዱም እንዲሁ ነው። በወንድም ስም የወጣ፣ ከጎረቤት የተገዛ፣ አረብ አገር የሄደች እህት ትታው የሄደችው ቁጥር ብዙ ነው። ስልኩ ሲጠፋ ቁጥሩን በአዲስ ሲም ለማስመለስ በስሙ የተመዘገበበት ሰው መታወቂያ ይፈለጋል። ያ ሰው መተማ ወይም ጅዳ ከሆነ ቁጥሩ ቀረ። ከቁጥሩ ጋር ቴሌግራሙ፣ ፌስቡኩና ኢሜይሉም ይቀራሉ። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ በዚሁ ቁጥር ላይ ገንዘብ ስላስቀመጠበት ጉዳቱ ከፎቶና ከወሬ አልፏል።

መስመሩ ሲቋረጥ

በየካቲት 2015 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታገዱ፤ እገዳው እስከ ሐምሌ ዘለቀ። ሰው ወደ ቪፒኤን ሄደ። ቪፒኤን የተጠቃሚውን አድራሻ ወደ ሌላ አገር ያዞራል፤ አምበር የተቀመጠ መምህር ለፌስቡክ ጀርመን ወይም ሲንጋፖር ያለ ይመስላል። የድር ኩባንያዎች አንዱ የጥበቃ ዘዴ ደግሞ ያልተለመደን መግቢያ መጠርጠር ነው። ጠዋት ከኢትዮጵያ፣ ከሰዓት ከአውሮፓ የገባ አካውንት ተይዞ ማንነትህን አረጋግጥ ይባላል፤ ማረጋገጫው የሚላከው ወደ ተመዘገበው ቁጥር ወይም ኢሜይል ነው። ቁጥሩ የሻጩ፣ ኢሜይሉ ያልታወቀ ከሆነ አካውንቱ እዚያው ተቆልፎ ይቀራል። በዚያ ዓመት አካውንታቸው እንዲህ የተዘጋባቸውን ሰዎች ሌባ አላገኛቸውም፤ የዘጋባቸው የገዛ አካውንታቸው ጥበቃ ነው።

እገዳው በተነሣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀና በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። በአንዳንድ ከተሞች መመለስ የጀመረው ወደ አንድ ዓመት ከተጠጋ በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም. ክረምት ነው። ስለዚያ ዓመት ብዙ ነገር ተነግሯል፤ ይህኛው ግን ብዙም አልተነገረም። ዋትስአፕ 120 ቀን ያልተከፈተን አካውንት ይሰርዛል። ቴሌግራምም ባለቤቱ ለተወሰኑ ወራት ሳይገባ ከቀረ አካውንቱን ከነመልእክቱ ያጠፋዋል፤ ወሩን ማስረዘም የሚቻለው አስቀድሞ በቅንብሩ ውስጥ ነው። ጉግልም 2 ዓመት ያልተነኩ አካውንቶችን ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ መሰረዝ ጀምሯል።

የኩባንያዎቹ ምክንያት ከደኅንነት አንጻር ትክክል ነው። የተተወ አካውንት አሮጌ የይለፍ ቃል ስለሚይዝ ለሌባ ይመቻል። ለረጅም ጊዜ ያልሠራ የስልክ ቁጥር ደግሞ ይዘጋና ለሌላ ሰው ይሸጣል፤ አዲሱ ባለ ቁጥር የአሮጌውን ሰው ኮድ ሊቀበል ይችላል። ነገር ግን የተወ ሰውና የተቋረጠበት ሰው አንድ አይደሉም። ባሏ ከሞተባት በኋላ የድምፅ መልእክቱን ቴሌግራም ላይ ያቆየች ሴት ኔትወርክ ሲመለስ ባዶ ገጽ ካገኘች፣ ያ ጥበቃ ከምን ጠበቃት?

ይህን ማስተካከል ከኩባንያዎቹ አቅም በላይ አይደለም። ጉግል በየአገሩ አገልግሎቱ የተቋረጠበትን ጊዜ የሚያሳይ መረጃ ራሱ ያትማል። አንድ አካባቢ ጨልሞ መቆየቱን ያያሉ። ባዩ ጊዜ ለዚያ አካባቢ ተጠቃሚዎች የመሰረዣውን ሰዓት ማቆም ይችላሉ። አለማድረጋቸውን የቴክኒክ ችግር አድርጌ ልወስደው አልችልም።

«የተወ ሰውና የተቋረጠበት ሰው አንድ አይደሉም።»

ከምናውቀው ሰው የመጣ ፋይል

ኢትዮጵያውያን በኢሜይል ደኅንነት ታሪክ ውስጥ በዓለም ደረጃ የሚጠቀስ ምዕራፍ አላቸው፤ ደስ የሚል ምዕራፍ ግን አይደለም። በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በ2005 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ የተቃዋሚ ፖለቲከኞችን ፎቶ ማጥመጃ አድርጎ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር የሚጭን ፋይል ማግኘቱን ገለጸ። በቀጣዩ ዓመት የካቲት ላይ ደግሞ በውጭ አገር የሚሠሩ የኢሳት ጋዜጠኞች የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም ባመረተው ሶፍትዌር ዒላማ መደረጋቸውን አሳወቀ። በኅዳር 2010 ዓ.ም. የወጣው ሌላው ዘገባ የእስራኤሉን ሳይበርቢት የሚመለከት ነበር፤ በተለያዩ አገሮች ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የቪዲዮ ገጽ የሚመስል ሊንክ በኢሜይል ይላክላቸዋል፤ ሲከፍቱት «የቪዲዮ ማጫወቻህን አድስ» ይላቸዋል፤ ያደሱት መስሏቸው ሰላዩን ይጭናሉ።

በአሜሪካ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ኮምፒውተሩ በዚህ ዓይነት ዘዴ ተሰልሏል ብሎ የኢትዮጵያን መንግሥት በዋሽንግተን ከሰሰ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 የሰጠው ውሳኔ የውጭ መንግሥት በዚህ ጉዳይ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ሊከሰስ አይችልም የሚል ነበር። አገር ውስጥ ደግሞ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የታሰሩት የዞን 9 ጦማርያን ከቀረበባቸው ክስ አንዱ ክፍል የኮምፒውተር ደኅንነት ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር፤ ኢሜይላቸውን መጠበቅ መማራቸው እንደ ማስረጃ ተቆጠረ። ክሱ እስከዚያ የቀጠለባቸው በ2008 ዓ.ም. ጥቅምት ከሽብር ክሱ ነጻ ተባሉ።

ኩባንያዎቹ መከላከያቸውን ያጠናከሩት በእነዚህና በመሰሎቻቸው ጥቃቶች ዘመን ነው። ጂሜይል ጥር 2010 እ.ኤ.አ. ላይ መልእክት በመንገድ ላይ እንዳይነበብ የሚያመሰጥረውን መስመር ለሁሉም አደረገው። በቀጣዩ ዓመት ከይለፍ ቃሉ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አመጣ። በ2012 እ.ኤ.አ. በመንግሥት የሚደገፍ ጥቃት ሲጠረጥር ለተጠቃሚው የሚነግር ማስጠንቀቂያ ጀመረ። ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ በብዛት ኢሜይል የሚልኩ ድርጅቶች ላኪው በእርግጥ እነሱ መሆናቸውን በቴክኒክ እንዲያረጋግጡ ያስገድዳል።

ይህ ሁሉ ለአምበር ምኑ ነው የሚል ይኖራል። የተሰለለው ሰው ኮምፒውተርና የአዛውንቱ ስልክ የተከፈቱበት ዘዴ አንድ መሆኑ ነው። አንዱን በሚያውቀው ሰው ፎቶ፣ ሌላውን በእህቱ ልጅ ስም ነው የቀረቡት። ሚሊዮን ብር የሚያወጣው ሶፍትዌርም ቢሆን ለመግባት የሰውን እምነት ነው የሚያንኳኳው።

ቁጥርህን የያዘ ሁሉ ወዳጅህ አይደለም

በየካቲት 2010 እ.ኤ.አ. ጉግል ኢሜይልን ከማኅበራዊ ትስስር ጋር ለማገናኘት ባዝ የሚባል አገልግሎት ጂሜይል ውስጥ ከፈተ። አንድ ሰው አዘውትሮ የሚጻጻፋቸውን ሰዎች በራሱ ጊዜ ተከታይ አድርጎ አሰለፈ፤ ዝርዝሩም ለሌላ ሰው ይታይ ነበር። ከጠበቃ ጋር የሚጻጻፍ፣ ከሐኪም ጋር የሚጻጻፍ፣ ከሸሸችው ባል ጋር ተገድዳ የምትጻጻፍ ሁሉ ተጋለጠ። ቁጣው ብዙ ነበር፤ በዓመቱ ጉግል ከአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ጋር የስምምነት ግዴታ ገባ፤ ባዝም ተዘጋ።

ባዝ ቢዘጋም አሳቡ ግን ዛሬ በየስልካችን ውስጥ አለ። ቴሌግራም ስትገቢ ቁጥርሽን የመዘገበ ሁሉ መግባትሽ ይነገረዋል። በከተማዋ ያለች አንዲት ወጣት መምህርት የደረሰባትን ብዙ ሴቶች ያውቁታል። ቁጥሯን የተማሪ ወላጅ ይዞታል፤ የባጃጅ ሹፌር ይዞታል፤ ዕቃ የገዛችበት ነጋዴ ይዞታል። ሁሉም ፎቶዋን ማየት፣ መጨረሻ የገባችበትን ሰዓት መከታተል፣ ፈቃዷን ሳይጠይቅ ግሩፕ ውስጥ መክተት ይችላል። «በቀን ይህን ያህል ብር» የሚሉ የማጭበርበሪያ ግሩፖችም የሚሞሉት እንዲህ ነው።

መፍትሔው ያለው ማንም በማይከፍተው ገጽ ላይ ነው። «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» በሚለው ውስጥ ቁጥርን ማን እንደሚያይ፣ ፎቶን ማን እንደሚያይ፣ ወደ ግሩፕ ማን ሊያስገባ እንደሚችል አንድ በአንድ መወሰን ይቻላል። ፌስቡክ ላይ ደግሞ ፕሮፋይል መቆለፊያ የሚባለው ጥበቃ እኛም ዘንድ ደርሶ፣ በተለይ ሴቶች በብዛት ይጠቀሙበታል። ጓደኛ ያልሆነ ሰው ፎቶውን አስፍቶ ማየትም ማውረድም አይችልም። ፎቶዋ ተወስዶ በስሟ የሐሰት ገጽ የተከፈተባት ሴት የዚህን ዋጋ ታውቀዋለች።

ሰማያዊ ምልክት ደግሞ እንደ ድሮው ማመን አያስፈልግም። ኤክስና ፌስቡክ በገንዘብ መስጠት ጀምረዋል፤ ቴሌግራም ላይም ከፍሎ የሚጠቀም ሰው ከስሙ አጠገብ የፈለገውን ትንሽ ሥዕል መለጠፍ ይችላል። በባንክ ስም የተከፈተ ቻናል ምልክት ስላለው ብቻ የባንኩ ነው ማለት አይቻልም።

ወረቀትም መሣሪያ ነው

ወጣቱ ባለሙያ ለአዛውንቱ እምቢ አላቸው። ቃሉን አልመርጥም አለ። የልጅ ልጃቸው እስክትመጣ ጠብቀው፣ እሷ እያነበበች እሳቸው መረጡ፤ ልጅቷ ደብተሯ ጠርዝ ላይ ጻፈችው፤ መልሶ ማግኛ የሚሆነው ኢሜይልም አዲስ አበባ ያለው የልጃቸው ሆነ። ግማሽ ሰዓት ወሰደ፤ ሌሎች ደንበኞች ቆመው ጠበቁ። እንዲህ ያለ ባለሙያ ከገበያው ሁሉ አይገኝም። ሥራው ክፍያ የለውም፤ የሚያስከፍለው ጥገናው ነው።

እኔ ግን የአካውንት ደኅንነት ሥራ መሆን ያለበት ይህ ይመስለኛል። ሌላ ሰው ስልኩን ቢይዝልህም፣ ቢጽፍልህም፣ ቃሉን መምረጥና መልሶ ማግኛውን መወሰን የባለቤቱ ድርሻ ነው። ያ ካልሆነ ኩባንያዎቹ ነገ የሚያመጡት ማናቸውም አዲስ ጥበቃ ሰውየውን ከራሱ ንብረት ይጠብቀዋል።

በከተማው ለሚኖር ሰው የሚስማማው ጥበቃ ደግሞ ከሁሉ ቀላሉ ነው። ጉግል ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ላበራ ሰው 10 የመጠባበቂያ ኮዶች ይሰጣል፤ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ይሠራሉ። ኔትወርክ አይፈልጉም፤ ሲም አይፈልጉም፤ ስልኩ ቢሰረቅም ይሠራሉ። ታትመው ከይዞታ ማረጋገጫው፣ ከክትባት ካርዱና ከልጆቹ የምስክር ወረቀት ጋር ሣጥን ውስጥ መቀመጥ ይችላሉ። ፎቶ ኮፒ ቤት አትሞ ለሚሰጥ ሰው ግን አንድ ማሳሰቢያ አለ፦ የታተመው ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ እንዳይቀር። ዋትስአፕም ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 6 አሃዝ ያለው ሁለተኛ ቁጥር አለው፤ የስልክ ቁጥሩን ሌላ ሰው ቢገዛው እንኳን ይህን ሳያውቅ ወዲያው አይገባም። የቴሌግራም የመሰረዣ ወራትንም ማስረዘም የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

አንድ በደብረ ማርቆስ የኮምፒውተር ትምህርት የሚያስተምር መምህር የሚለው ልብ ይባላል። የ12ኛ ክፍል ውጤት በድረ ገጽ፣ በአጭር የጽሑፍ መልእክትና በቴሌግራም ቦት ይታያል፤ ለዩኒቨርሲቲና ለሥራ ማመልከቻም ኢሜይል ይጠየቃል። ተማሪው ኢሜይል የሚያወጣው ግን ጉዳዩ በደረሰ ቀን፣ ሰልፍ ላይ ሆኖ ነው። 9ኛ ክፍል ላይ በራሱ እጅ ቢከፍት፣ መልሶ ማግኛውን የአባቱን ወይም የእናቱን ቁጥር ቢያደርግ፣ አራት ዓመት ይጠቀምበታል። መጽሐፉ ውስጥ ስለ ኮምፒውተር ታሪክ የሚማረው ምዕራፍ ከዚህ አይበልጥም።

ሕጉ አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሰው አካውንት መግባትን ወንጀል አድርጎታል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰው መረጃ የሚይዝ ሁሉ ኃላፊነት እንዲኖርበት ይጠይቃል። በቴሌግራም ተጭበርብሮ ጥቂት መቶ ብር የላከ ገበሬ ግን ፖሊስ ጣቢያ የሚሄደው ለስንቱ ነው? የሚሄደው ወደ ሞባይል ቤቱ ነው።

በአንድ ስልክ ላይ የስንት ሰው አሻራ አለ?

ኩባንያዎቹ አሁን የሚገፉት የይለፍ ቃልን ጨርሶ ወደ ማስቀረት ነው። ጉግል በ2023 እ.ኤ.አ. ፓስኪ የሚባለውን መግቢያ ለሁሉም ከፍቷል። የሚጻፍ ቃልም የሚላክ ኮድም የለም፤ ስልኩ ራሱ በባለቤቱ አሻራ፣ ፊት ወይም የስልክ መክፈቻ ቁጥር ያረጋግጣል። ለአዛውንቱ የደረሰው ዓይነት ሌብነት በፓስኪ ብቻ በሚገባ አካውንት ላይ አይሠራም፤ ተነግሮ የሚሰጥ ነገር የለምና። ይህ እውነተኛ እርምጃ ነው፤ ደስ ሊለን ይገባል።

ከማብራታችን በፊት የሚጠየቅ ነገር ግን አለ። ፓስኪ ስልኩን መክፈት የሚችለውን ሰው ሁሉ ባለቤት አድርጎ ይቀበላል። በአምበርና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች አንድ ስልክ የቤተሰብ ነው፤ የአባት አሻራ፣ የትልቁ ልጅ አሻራ፣ አንዳንዴም ያወረሰው አጎት አሻራ ተመዝግቦበታል። እርፍና ማጭድ የያዘ እጅ ደግሞ አሻራው ስለሚደበዝዝ አባትየው ብዙ ጊዜ በቁጥር ነው የሚከፍቱት፤ ቁጥሩን ቤቱ በሙሉ ያውቀዋል። እዚያ ስልክ ላይ ፓስኪ ያበራች የ12ኛ ክፍል ተማሪ ኢሜይሏን ለቤተሰቡ በሙሉ ከፈተችው ማለት ነው።

አንድሮይድ ለዚህ የሚሆን መላ አለው። በብዙ ስልኮች ላይ ከአንድ በላይ ተጠቃሚ መክፈት ይቻላል፤ እያንዳንዱ የራሱ መቆለፊያ፣ የራሱ ኢሜይል፣ የራሱ ቴሌግራም ይኖረዋል፤ ስልኩ አንድ ሆኖ ቤቱ ይለያያል። አማራጩ ግን በቅንብሩ ሆድ ውስጥ ተቀብሯል፤ በአንዳንድ ርካሽ ስልኮች ላይም አምራቹ ጨርሶ ዘግቶታል። ስልክ አምራቾቹም ጉግልም አንድ ሰው አንድ ስልክ ይይዛል ከሚለው ግምት ወጥተው ይህን አማራጭ ስልኩ ገና ሲበራ፣ ቋንቋ በሚመረጥበት ገጽ ላይ፣ «ይህን ስልክ ስንት ሰው ይጠቀምበታል?» ብለው ሊያቀርቡት ይችላሉ። እስከዚያው ጥያቄውን የሚጠይቀው ሻጩ ነው፤ በአምበር አንዳንዶቹ መጠየቅ ጀምረዋል።